ምስማሩ ደርሶናል

ለእታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ባልሽስ እንዴት ነው? ወገቤን ይል ነበር፤ ተሻለው ወይ? ሕፃናቱስ? ትንሹ ጥርስ አወጣ ብለሽ ጽፈሽልን ነበር፤ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ መናከስ ጀምሮ ይሆናል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው። ላሚቱም ደህና ናት። ትንባሆው ተሰብስቧል፤ ማሳው ባዶውን ተንጣሎ ዝናብ ይጠብቃል። ደህና ያልሆነው ናፍቆትሽ ብቻ ነው፤ እሱ ጭራሽ ብሶበታል።

ምስማሩ ደርሶናል፤ አላህ ይስጥልን። ወደ ምስማሩ ኋላ እመለሳለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም በሱ ሰበብ ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ "ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂብኝ፤ እቤት ያለውን ነገር ቀጥ አድርገሽ ጻፊልኝ" ብለሽኛል። ሳነበው ሳቄ መጣ። ማሌዥያ ምን አደረገችሽ? እዚያ የዘንባባው እርሻ ላይ አለቃችሁ "ነይ፣ ሂጂ፣ አንሺ" እያለ ሲጮህባችሁ ከርሞ የቤታችንን አነጋገር አስረሳሽ መሰለኝ። እዚህ እኮ ሰው ጨው ሊበደር ጎረቤት ቢሄድ እንኳ ከዶሮዎቹ ጤንነት ነው የሚጀምረው። ጨው የሚለው ቃል ሳይነሳ ጨዉን ይዞ ይመለሳል። እሺ፣ ላንቺ ስል ቀጥ ልበል። ስጽፍ ከተጣመምኩብሽ ግን ያሳደጉኝ አባባ ናቸውና ይቅር በይኝ።

ይህን ደብዳቤ አባባ አያውቁትም። እስከ ዛሬ የጻፍኩልሽን ሁሉ እሳቸው እየነገሩኝ፣ ጽፌም መልሼ እያነበብኩላቸው ነው። ይህኛውን ግን ጓዳ ገብቼ፣ የሩዙ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ብቻዬን ነው የምጽፈው። የጎረቤታችን ልጅ ነገ ጠዋት ወደናንተ ይመለሳልና ዛሬውኑ አደርስለታለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገርሽ። ሳህሪምን ታውቂዋለሽ፣ ጋሪ ነጂውን፣ ፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ ላባ የሚያስረውን። አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ማታ እኔን ብሎ ለወግ ይመጣል። እሱ ደጅ ካለችው ባለ መደብ ዳሳችን ጫፍ፣ እኔ በሩ ጋ፣ አባባ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው እያሳሉ እንጫወታለን። ትሕትናው አንዳንዴ ያናድደኛል። በቀደም ገና ከመቀመጡ አንድ ትንባሆ ነጋዴ እሱም ለወግ ብሎ ከች አለ። ሳህሪም ያቀረብኩለትን ቡና ሳይቀምስ ብድግ ብሎ "ኑ፣ እዚህ ይቀመጡ ወንድሜ፤ እኔማ ልነሳ ስል ነው የደረሱት" አለው። ነጋዴውም "ኧረ በጭራሽ! እኔ እንኳ መንገዴን ሳልፍ ነው" አለ። መንገዱ እኮ እኛው ቤት ላይ ነው የሚያበቃው! እንዲህ ሲባባሉ ሁለቱም ቆመው፣ ቡናው ቀዝቅዞ፣ እኔም አንዱ እንዳይከፋው ለሁለቱም እኩል ፈገግ እያልኩ ጉንጬ ዛለ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይነሳል ነውና በመጨረሻ ሳህሪም ሄደ። ነጋዴው ስለ ትንባሆ ዋጋ ሲያወራልኝ አመሸ።

ሳህሪም ቤት ሠርቶ ጨርሷል። "ልውሰድሽ" ብሎኝ አያውቅም። አባባ ዘንድ ሄዶ መለመንማ በኛ ደንብ ሴት ልጅን እንደ ጫጩት መቁጠር ነውና አይሞክረውም፤ የኛ ሴት በሌሊት ኮብልላ ነው የምትዳረው። አንድ ሐሙስ ብቻ "አዲስ የሣር ጣሪያ ከስሩ ጢስ ካልወጣ ተባይ ይበላዋል ይላሉ" አለኝ። እኔም "የኛ ቤት ማድ ቤትም ከኔ ሌላ የሚያጨሰው የለውም" አልኩት። ገባው። የፈረሱን ልጓም በጣቱ ሲያሻሽ ቆየና ስለ ዝናቡ አወራን።

እወደዋለሁ እታለሜ። ይኸው፣ ቀጥ አልኩልሽ። ነገር ግን እናታችን ከሞተች ወዲህ አባባን ለማን ትቼ ልሂድ? አንቺ ስትኮበልዪ እሷ ነበረች። ሌሊቱን በማድ ቤቱ በር ስትወጪ በሩ እንዴት እንደጮኸ ታስታውሻለሽ? እናታችን ነቅታ ነበር እኮ። ባልሽ ውጭ ቆሞ እንዳይደነግጥ ብላ እንደተኛ ሰው ማንኮራፋት እንደጀመረች ሳትሞት ነግራኛለች። በሩ ዛሬም እንደዚያው እንደሚታረድ ዶሮ ይጮኻል። የምታንኮራፋው ግን የለችም፤ አባባም እሳት ማንደድ አይችሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኢናቅ ሙስቲያን መቼም አትረሻቸውም፤ ቦዩ ዳር ያሉት ሸማኔ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ለሠርግሽ ባለ ወርቅ ክሩን መታጠቂያ የሠሩልሽ። አባባ ማታ ከማሳ ሲመለሱ በሳቸው ደጅ ነው የሚያልፉት። ኢናቅ ሙስቲያም በዚያ ሰዓት ዳሳቸው ላይ ሆነው ራታቸውን ይበላሉ። "ኑ እንብላ!" ይላሉ። አባባም ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ፣ ዶማቸውን እንደተሸከሙ፣ "ይብሉ፣ ይብሉ፤ አሁን በልቼ ነው" ይላሉ። ከየት በልተው? ከማሳው? መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ሲባባል ኖሯል። ጨው ብቻ የቀረበለትም ሰው አላፊውን "እንብላ" ይላል፤ ጦሙን የዋለውም "ጠግቤያለሁ" ብሎ ያልፋል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ያድራሉ።

ትንባሆው ሊተከል ሰሞን አንድ ማታ ኢናቅ ሙስቲያ እንደ ልማዳቸው "ኑ እንብላ!" አሉ። አባባ ዶማቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። እግራቸውን በቦዩ ውሃ ታጠቡ። ዳሱ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

በሉ እታለሜ!

አክስታችን ሽርጧ እየተፈታባት፣ በአንድ እጇ ይዛው እየሮጠች መጣች።

"አባትሽ በላ!" አለችኝ።

"ምን በሉ?"

"ሩዝ!"

"ታዲያ ሰው ሩዝ ቢበላ..."

"የኢናቅ ሙስቲያን ሩዝ! 'ኑ' ብትለው ሄዶ ቁጭ አለላ! ምነው፣ የምሯን መሰለው? ወይኔ ወንድሜ፣ በቁሙ ጃጀ!"

ኢናቅ ሙስቲያ የነበራቸው አንድ ሳህን ሩዝ፣ በቃሪያ የተለወሰ ጥሬ ደበርጃንና አንዲት ደረቅ ዓሣ ነበር አሉ። እንዳለ ወደ አባባ ገፋ አድርገው "እኔስ ቅድም ጠግቤ ነው፤ እንዲያው ከጎኑ ተቀምጬ ነበር" ብለው ዝንብ ሲያባርሩላቸው ቆዩ። ጦማቸውን እንዳደሩ የማያውቅ የለም። በማግስቱ ማታ ግን ሁለት ሳህን አቀረቡ። አባባም ተቀመጡ።

እቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። አባባ ሲገቡ ራት አቀረብኩላቸው። "ጠግቤያለሁ" ቢሉ የት እንደጠገቡ መናገር ሊሆን ነው። ስለዚህ በሉ። አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳያስቀሩ በሉ። በማግስቱም እንዲሁ። በየማታው ሁለት ራት! ጠዋት ሆዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ አያለሁ፤ እኔም "ምነው አባባ?" ስላቸው "ነፋሱ ነው" ይሉኛል። ምን ላድርግ? "እዚያ ከበሉ እዚህ ይተዉት" ተብሎ ለአባት ይነገራል? አንድ ጭልፋ ቀነስኩ። ሳህኑን አዩና ያለችውን በሉ። በሚቀጥለው ማታ ሌላ ጭልፋ ቀነስኩ። ያን ዕለት አንድ እስር የካንኩንግ ጎመን ይዘውልኝ መጡ።

"መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት" አሉኝ።

ታጥቦ፣ ተለቅሞ፣ በሙዝ ልጥ በወግ የታሰረ ጎመን መንገድ ላይ ይወድቃል እንግዲህ። "አላህ መንገዱን ይባርከው" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቁ። እንዲህ እየቀነስኩ እየቀነስኩ በመጨረሻ ራታቸው ቡና ብቻ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሃል የሴትዮዋ ስም በመካከላችን አንዴም አልተነሳም፤ እኛ ግን ነገሩን ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔም እሳቴ ፊት ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሳህሪም የሣር ጣሪያ ማሰብ ጀመርኩ።

የቀረው ያንቺ ቃል ነበር። አክስታችን "በቃ፣ ወይ አግባት ወይ ሩዟን ተዋት" እያለች ስትጨቀጭቃቸው፣ "ትልቋ ልጄ የእናቷ ምስጢረኛ ነበረች፤ እሷ ሳትል አንድ ነገር አላደርግም" አሏት። ያን ደብዳቤ ያስጻፉኝ ለዚህ ነው። ታስታውሺው የለም? "ጣሪያው ደህና ነው። ነገር ግን ዝናብ ሲመጣ ከውስጥ ሆኖ የሚያየው ሌላ ሰው ቢኖር መልካም ነበር። ታናሽሽም ሁልጊዜ እዚህ አትኖርም። አንቺ ምን ትያለሽ?" ይላል። መልሼ ሳነብላቸው ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

አንቺ ደግሞ ምስማር ላክሽ!

አንድ ካርቶን ሙሉ የቆርቆሮ ምስማር፣ ከነጎማው። በላዩም "ለጣሪያው ነው፤ ሌላ ሰው ሳያስፈልግ አባባ ራሳቸው ሊመቱት ይችላሉ" የሚል ወረቀት። እታለሜ፣ እኔ አውቅሻለሁ። ቤቱ ያፈሳል ብለሽ ተጨንቀሽ፣ ከዚያ ከመከራ ሥራሽ ቀንሰሽ ነው የላክሽው። አባባ ግን ያችን ወረቀት ደጋግመው አስነበቡኝ። "ሌላ ሰው ሳያስፈልግ" የምትለው ላይ ስደርስ በቃ በሚል እጃቸውን አነሱ።

"ልጄ አሳቢ ናት" አሉ። "ነገሩ ገብቷታል፤ ሳታዋርደኝ በጨዋ ደንብ መለሰችልኝ።" ካርቶኑን አልጋቸው ስር አስገቡት።

ምነው ያኔ አልነገርሻቸውም ትይኝ ይሆናል። ምን ብዬ? "ልጅዎ ስለ ምስማር ብቻ ነው የጻፈችው" ብላቸው "ታዲያ እኔ ስለ ምን ነበር የጻፍኩት?" ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? በጣሪያ ሸፍነው ያለፉትን ነገር ገልጬ ላሳፍራቸው ነው?

ከዚያ በኋላ መንገድ ቀየሩ። የቦዩን ዳር ትተው በላይ በኩል፣ በዳገቱ ዞረው መግባት ጀመሩ። እኔም ራቱን እንደ ድሮው አድርጌ መሥራት ጀመርኩ፤ እሳቸው ግን እየነካኩ ይተዉታል። አንድ ጠዋት ኢናቅ ሙስቲያን ውሃ መቅጃው ላይ አገኘኋቸው።

"አባትሽ ደህና ናቸው? መንገድ ቀየሩ መሰለኝ" አሉኝ። "የላይኛው መንገድ ጥላ አለው ይባላል።"

"አዎ፣ ጥላ አለው" አልኳቸው።

በላይኛው መንገድ አንድ ዛፍ የለም። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። "ጥላ ጥሩ ነው፤ ለሳቸው ዕድሜ ጥሩ ነው" ብለው እንስራቸውን ተሸክመው ሄዱ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አክስታችን እንደነገረችኝ ያኔም በየማታው ሁለት ሳህን ያቀርቡ ነበር። ያቺ ምላሰኛ አክስታችን እንኳ "ምነው ያን ቀን ሩጫዬ ቀርቶ እግሬን በሰበረው!" እያለች ትናደድ ነበር።

ያለፈው ሐሙስ ሳህሪም መጣ። ባሕር ማዶ ሱምባዋ ደሴት ያለ አጎቱ ፈረሱን ይዞ እንዲመጣና አብሮት እንዲሠራ ጠርቶታል።

"ሱምባዋ ሣሩ ረጅም ነው ይላሉ" አለኝ። "ለፈረስ ይስማማል አሉ።"

ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰብስቤ "ለፈረሱ ከተስማማማ አይከልክሉት" አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሳህሪም የቡና ስኒውን አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሺ። እስከ ጾሙ መግቢያ ግን አልሄድም፤ የፈረሱ ጫማ መቀየር አለበት" አለኝ። ያን ጫማ ባለፈው ወር እንዳስቀየረ አውቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያ የአባባ ሳል ቆመ። ከዚያ በኋላ ማታውን ሁሉ አላሳሉም።

በማግስቱ አባባ አምሽተው ገቡ። ሳህኑን ፊታቸው አስቀመጥኩ። አዩትና በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

"ጠግቤያለሁ ልጄ" አሉኝ።

ይህችን ቃል ከአባባ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እውነት ሆና ስሰማት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ኢናቅ ሙስቲያ ዘንድ በልቼ መጣሁ። ከእንግዲህም የምበላው እዚያ ነው። ለኔ ብለሽ እሳት አታንድጂ።"

እንዲህ ቀጥ አርገው! አባባ! "ታላቅሽ ከተቀየመች እኔን ትቀየም፤ አንቺ የለሽበትም" ብለው ተነስተው ገቡ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ላንቺ ቃል ምን ያህል እንደሚሳሱ አውቃለሁ፤ ያን ቃል እየጣሱ እንደሆነ እያመኑ ነው ያደረጉት። ለራሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጥላ በሌለው መንገድ እስኪሞቱ ይመላለሱ ነበር።

ጠዋት ካርቶኑን ከአልጋው ስር ጎትተው አወጡ። ሰሞኑን ያንቺን ምስማር ይዘው የኢናቅ ሙስቲያን የዳስ ጣሪያ ሲመቱ ይውላሉ። አክስታችን ከስር ሆና ምስማር እያቀበለች "ለአንዲት ዳስ ይሄ ሁሉ ምስማር! አውሎ ነፋስ ይመጣል ብሎ የነገረህ አለ?" ትላቸዋለች። ኢናቅ ሙስቲያም ሽመናቸውን ይዘው ቀና ሳይሉ "ይተዉት ይሄ አሮጌ ጣሪያ፣ አይድከሙ" ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ "በዚህ በኩል ግን አንድ ትንሽ ላላ ያለች አለች" ይላሉ።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለአባባ ስትጽፊ ረጅም አትጻፊ። ስለ ጋብቻም ሆነ ስለ ምስማሩ አታንሺ፤ ስለ እናታችንም አታንሺ። እሷ እንደሆነች ቅር አይላትም፤ ነቅቶ ማንኮራፋት የምታውቅ ሴት ነበረች። ከሰላምታሽ መጨረሻ ላይ ብቻ "ለኢናቅ ሙስቲያም ሰላም በሉልኝ፤ ራታችሁ ይጣፍጥላችሁ" ብለሽ አስገቢልኝ። ይበቃል። አባባ የቀረውን ራሳቸው ይሰሙታል፤ ልባቸውም ያርፋል። ደብዳቤውን እንደ ድሮው በኔ ስም አትላኪው። በአባባ ስም አድርጊው፤ የሚያነብላቸው አያጡም።

ሌላ ቁም ነገር የለኝም። እንዲያው ለወሬ ያህል አንድ ትንሽ ነገር ልጨምርልሽ። ትናንት አባባ ከምስማር ሥራቸው ሲመለሱ በቅል ጥቂት የኮኮናት ዘይት ይዘው መጡና የማድ ቤቱን በር ማጠፊያ ይቀቡ ጀመር። ከፈት ያደርጉታል፣ ዘጋ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል፣ ደግመው ይቀቡታል።

"ምነው አባባ?" አልኳቸው።

"ዘይቱ ተረፈኝ፣ ከሚበላሽ ብዬ ነው" አሉ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና፣ ወደኔ ሳያዩ፣ "እኔ ደግሞ ሰሞኑን እንቅልፌ ከብዷል። ፈረስ በደጄ ቢያልፍ አልሰማም" አሉኝ።

በሩ አሁን ድምፅ የለውም። ዛሬ ሐሙስ ነው።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ የባልሽን ወገብ ያጽናልሽ፤ እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ። ባሕሩን አሻግሮ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። አሚን። ስለ ምስማሩ ደግሜ አመሰግንሻለሁ፤ አንዱም አልተጣመመም።

ታናሽ እህትሽ